አሮጌ መልክ፣ አዲስ ልብ፦ የቀድሞዎቹ ሞተር ብስክሌቶችና የዛሬ አምሳያዎቻቸው




ሞተር ብስክሌት በአማርኛ ከመደበኛ ስሙ ሌላ «ዶቅዶቄ» የሚል የሕዝብ ስም እንዳለው የታወቀ ነው። ስሙ የወጣለት ከመልኩ ሳይሆን ከድምፁ ነው። ይህ አሰያየም ለዛሬው ርእስ መልካም መንደርደሪያ ይሆናል። ምክንያቱም ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት በዓለም ገበያ ላይ እየበዙ የመጡትና «ሬትሮ» የሚል መጠሪያ የተሰጣቸው አዲስ ሞተር ብስክሌቶች፣ የአምሳና የስድሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ቀደምት ሞተር ብስክሌቶች በመልክም በድምፅም እንዲመስሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት ይቸገራል። ሽፋኑን ከፍቶ የሚመረምር ባለሙያ ግን ከውስጥ ያለው ፈጽሞ ሌላ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ርእሱ ሲታይ የባለጠጎችን መዝናኛ ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መሣሪያን ለሚነድፍ፣ ለሚጠግንና ለሚያስተምር ሰው ሁሉ ከዚህ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ መሠረታዊ ነው። የአንድ መሣሪያ መልክ ከሥራው ሲለያይ ምን ይገኛል? ምንስ ይታጣል? አዲሱ ከአሮጌው መውረስ የሚገባውን ወርሷልን? በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ መግለጽ ያስፈልጋል።

የቀድሞው ቦኔቪል

ለንጽጽሩ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው ትራያምፍ ቦኔቪል ነው። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ አቅራቢያ በሜሪደን የነበረው ፋብሪካ «ቦኔቪል ቲ 120» የተባለውን ሞተር ብስክሌት ያቀረበው ለ1959 የሽያጭ ዘመን ነበር። ስሙ የተወሰደው በአሜሪካ በዩታ ግዛት ከሚገኘው የቦኔቪል የጨው ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ በ1956 ጆኒ አለን የተባለ ጋላቢ የትራያምፍ ሞተር በተገጠመለት ተሽከርካሪ በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ ነበር። ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን ክብረ ወሰኑን ባያጸድቀውም፣ ዝናው ለኩባንያው ንግድ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

የሞተሩ ሐሳብ የመነጨው ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ካወጣው «ስፒድ ትዊን» ነው። ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሁለቱ ፒስቶኖች አብረው ወጥተው አብረው ይወርዳሉ፤ አንዱ ሲሊንደር ሲያቃጥል ሌላው አየርና ቤንዚን ይስባል። የቦኔቪል ሲሊንደሮች ጠቅላላ መጠን 649 ሲሲ ሲሆን፣ በሁለት ካርቡራተሮች እየተመገበ በደቂቃ በ6500 ዙር 46 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ለዘመኑ ይህ ከፍተኛ ኃይል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በዚህ ሞተር ብስክሌት ላይ ከሚታዩት ክፍሎች አብዛኞቹ ሥራ ነበራቸው። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የተደረደሩት ክንፎች ሙቀቱን ለነፋስ የሚያስረክቡ ነበሩ። በሞተሩ ፊትና ኋላ የቆሙት ቀጫጭን ቱቦዎች ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ገፊ ዘንጎች በውስጣቸው ይይዙ ነበር። ካርቡራተሮቹ በግልጽ የተሰቀሉት ማስተካከል የሚፈልግ እጅ እንዲደርስባቸው ነው። የሞተሩ ውበት የሥራው ውጤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ውበቱ ጉድለቱን አይሸፍነውም። ሁለት ፒስቶኖች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ የሚፈጠረውን ንዝረት የሚያመዛዝን ተጨማሪ ዘንግ ስላልነበረው፣ በፍጥነት ሲነዳ እጅን ያደነዝዛል፤ ብሎን ይፈታል፤ የመብራት አምፑል ያቃጥላል። ከገፊ ዘንጎቹ ቱቦዎች ሥርና ከሞተሩ መጋጠሚያዎች ዘይት ማንጠባጠቡ የታወቀ ጠባዩ ነበር። ከፊትም ከኋላም የነበረው የከበሮ ፍሬን ሲግልም ሆነ ሲርስ ኃይሉ ይደክማል። ሞተሩን ለማስነሳት በእግር መምታት የግድ ነበር፤ ቀዝቃዛ በሆነ ጧት ይህ ሥራ ብልሃትም ትዕግሥትም ይጠይቃል።

አወዳደቁ

በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ «ሲቢ 750» የተባለውን ሞተር ብስክሌት ለሽያጭ አቀረበ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ በቁልፍ መጫን ይነሳል፤ ከፊት በኩል ዲስክ ፍሬን አለው፤ ዘይት አያንጠባጥብም። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሊቋቋሙት ያልቻሉት ይህን ጥራት ነበር። ቦኔቪል በ1973 ወደ 750 ሲሲ ገደማ ከፍ ብሎ የፊት ዲስክ ፍሬን ቢገጠምለትም፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ያገኘው በ1980 ነው። ከሆንዳ ጋር ሲነጻጸር የአሥራ አንድ ዓመት መዘግየት መሆኑ ነው።

በመስከረም 1973 የሜሪደን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲነገር ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ትግል በኋላ፣ በ1975፣ በመንግሥት ብድር የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር ቦኔቪልን እየሠራ ስምንት ዓመታት ያህል ቆየ። ጽናታቸው የሚደነቅ ነው። ዳሩ ግን አዲስ ሞተር ለመንደፍና ያረጁ የማምረቻ መሣሪያዎችን ለመተካት የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። በ1983 ፋብሪካው ተዘጋ።

ዛሬ በናፍቆት የሚፈለገው መልክ ያን ጊዜ ገበያ ያጣ መልክ መሆኑን መርሳት አይገባም። ያን ሞተር ብስክሌት የሠሩት እጆች ሥራ ፈትተው የተበተኑት የሠሩት ነገር የማያምር ስለነበረ አይደለም። ውስጡ ከዘመኑ ጋር አብሮ ባለመሄዱ ነው። ለአሮጌ ዘመን የሚቀርበው ምስጋና ሁሉ ይህን ሐቅ ማካተት አለበት።

አመላለሱ

ትራያምፍ የሚለውን ስም በ1983 የገዛው ጆን ብሎር የተባለ የሕንፃ ሥራ ባለሀብት ነበር። አሮጌው ቦኔቪል በፈቃድ በሌላ አነስተኛ ፋብሪካ እስከ 1988 ድረስ መሠራቱን ቀጠለ። ብሎር ግን በሂንክሊ ከተማ አዲስ ፋብሪካ አቋቁሞ በ1990 ያሳያቸው ሞተር ብስክሌቶች ፈጽሞ ዘመናውያን ነበሩ። ከመካከላቸው ቦኔቪል የሚባል አልነበረም። አካሄዱ አስተዋይነት የተመላበት ነበር፤ አስቀድሞ «ይህ ፋብሪካ አስተማማኝ ሞተር ይሠራል» የሚል ስም ማትረፍ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አሮጌው መልክ መመለስ።

አዲሱ ቦኔቪል የወጣው ለ2001 የሽያጭ ዘመን ነው። ሞተሩ 790 ሲሲ ሲሆን በአየር ይቀዘቅዛል፤ ፒስቶኖቹ እንደ ቀድሞው አብረው ይወጣሉ፤ አብረውም ይወርዳሉ። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ግን ሁለት ካምሻፍቶች ከሲሊንደሮቹ ራስ በላይ ሆነው ነው፤ ንዝረቱንም የሚያመዛዝኑ ዘንጎች ተጨምረዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጭስ ሕግ ሲጠብቅ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ መርፌ መረጨት ጀመረ። ነዳፊዎቹ ግን መርፌውን የያዘውን አካል ካርቡራተር አስመስለው ሠሩት። መልክ ከሥራ የተለየው በዚህ ደረጃ በግልጽ ይታያል።

በ2016 የወጣው «ቲ 120» ይህን ጥበብ እስከ ጫፍ ድረስ ወስዶታል። ሞተሩ 1200 ሲሲ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በውኃ ነው። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ክንፎች አሉ፤ ዋናውን የማቀዝቀዝ ሥራ ግን የሚሠራው ራዲያተሩ ሲሆን፣ እርሱም ትኩረት እንዳይስብ በሻንሲው የፊት ቱቦዎች መካከል በጠባቡ ተቀምጧል። የጭስ ቱቦው ከሞተሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ማርሚታው የሚሄድ ይመስላል። በእውነቱ ግን ጭሱ ከሞተሩ በታች ወደ ተደበቀው ማጣሪያ ገብቶ ይመለሳል። የቤንዚን መስጫው እጀታ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በኤሌክትሮኒክ መልእክት ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የክራንክሻፍቱ ነገር ነው። የአዲሱ ሞተር ፒስቶኖች አብረው አይወጡም፤ በ270 ዲግሪ ተለያይተው ይሠራሉ። በዚህም የተነሳ ድምፁ ከቀድሞው ቦኔቪል ድምፅ ይለያል፤ የሚቀርበው ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ ወደ ተከፈቱ ሞተሮች ድምፅ ነው። ጆሮን ደስ የሚያሰኝ «ዶቅ፣ ዶቅ» አለው። ድምፁ ግን የአያቱ አይደለም።

የተመረተበት ቦታም ቢሆን ተለውጧል። የቦኔቪል ቤተሰብ ሞተር ብስክሌቶች በዛሬው ጊዜ በአብዛኛው የሚገጣጠሙት በታይላንድ ነው።

የተገኘው ጥቅም

ይህን ሁሉ ሰምቶ አዲሱን «አስመሳይ» ብሎ መናቅ ቀላል ነው። ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይሆንም። የ2016ቱ ቦኔቪል 80 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው ገና በደቂቃ በ3100 ዙር ነው፤ ይህም ማለት ጋላቢው ሞተሩን ሳያስጨንቅ ጉልበት ያገኛል። ጎማው በድንገተኛ ፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ አለው። ይህ መሣሪያ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዲስ ሞተር ብስክሌቶች ላይ እንዲገጠም የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ በየደረጃው አስገድዷል። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ይዞ የወደቀ ሰው የዚህን ጥቅም ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህም በላይ አዲሱ ሞተር ዘይት አያንጠባጥብም፤ በጧት በአንድ ጣት ይነሳል፤ የሚያወጣው መርዛም ጭስ ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ዋናው የምርመራ ጊዜው በየ16000 ኪሎ ሜትር ነው። የቀድሞው ባለቤት በዚህ ርቀት ውስጥ ዘይቱን ደጋግሞ ይቀይር፣ ፑንቲናውን ያጸዳ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ያስተካክል፣ የላሉትን ብሎኖች ያጠብቅ ነበር። በአንጻሩ የከፈለው ዋጋ ክብደት ነው። የቀድሞው ያለ ዘይትና ያለ ቤንዚን 183 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የ2016ቱ 224 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ውኃው፣ ራዲያተሩ፣ ማጣሪያውና ማመዛዘኛ ዘንጎቹ ሁሉ ክብደት አላቸው።

የታጣው ነገር

የታጣው ከዓይን የራቀ ስለሆነ በሽያጭ መጽሔት ላይ አይታይም። የቀድሞው ሞተር ብስክሌት ለባለቤቱ ክፍት ነበር። ሞተሩ እምቢ ሲል ምርመራው ቅደም ተከተል አለው፦ ካንዴላውን ፈትቶ ብልጭታውን ማየት፣ ካርቡራተሩ ቤንዚን መድረሱን ማረጋገጥ፣ የፑንቲናውን ክፍተት መለካት። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት የብሎን መፍቻ፣ አንድ ካቻቢቴና የሚያስተውል አእምሮ ነው። መሣሪያው ራሱ መምህር ነበር። በጥፋቱ እያስቸገረ አሠራሩን ያስተምር ነበር። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ብዙ ወጣቶች የሜካኒክነትን ፊደል የቆጠሩት እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ነው።

አዲሱ ሞተር ሲታመም ግን አንዲት መብራት ታበራለች። መብራቷ ችግር መኖሩን እንጂ የችግሩን ምንነት አትናገርም። ይህን ለማወቅ ከሞተሩ ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ያስፈልጋል። ካርቡራተር የሚመስለውን ነገር ፈትቶ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው በውስጡ ካርቡራተር አያገኝም። አሮጌው መልክ «ና፣ ፍታኝ፣ እወቀኝ» እያለ ይጋብዛል፤ አዲሱ አሠራር በሩን ዘግቶ ይቆያል። የሬትሮው ትልቁ ተቃርኖ ይህ ነው። መልኩ የሚገባው ቃልና አሠራሩ የሚፈጽመው ነገር አይገናኙም።

ለዚህ ነዳፊዎቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። ያለ ኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የዛሬውን የጭስ ሕግ ማክበር እጅግ አዳጋች ነው፤ ሕጉም የወጣው ለሰው ሳንባ ሲባል ነው። ሕግ አውጪዎቹም ችግሩን ተገንዝበዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ያወጣው ደንብ ቁጥር 168፣ ፋብሪካዎች የጥገና መረጃቸውን ከራሳቸው ወኪሎች ውጪ ላሉ ጠጋኞችም እንዲያቀርቡ ያዛል። ይሁን እንጂ መረጃ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው ራሱ ሲነደፍ ለሚፈታው ሰው መታሰቡ ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ተጨማሪ ምስክሮች

የመጀመሪያው ምስክር ከጃፓን ነው። ካዋሳኪ በ1966 ያወጣው «ደብሊው 1» ሜጉሮ የተባለው ኩባንያ የእንግሊዙን ቢኤስኤ ኤ 7 መሠረት አድርጎ ከሠራው ሞተር የተወለደ ነው። በ1999 ካዋሳኪ ይህን የራሱን ቀደምት በማስታወስ «ደብሊው 650» የተባለውን አወጣ። ነገሩ የምስል ምስል ቢመስልም፣ ነዳፊዎቹ የወሰዱት ውሳኔ ትምህርት ይሰጣል። ፒስቶኖቹ አብረው ይወጣሉ፤ በኤሌክትሪክ ከመነሳቱ በተጨማሪ በእግር የሚመታ ማስነሻ አለው፤ ማስነሻውም በእርግጥ ሞተሩን ያስነሳል። በሞተሩ ጎን የቆመው የሚያብረቀርቅ ቱቦ በውስጡ ካምሻፍቱን የሚያዞር ዘንግ አለው። የሚታየው ክፍል ሥራ አለው ማለት ነው። አሮጌ መልክን ከነሐቀኝነቱ መውረስ እንደሚቻል ይህ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የሮያል ኤንፊልድ «ቡሌት» ሲሆን ታሪኩ ከሁሉ የጠለቀ ነው። ባለ 350 ሲሲው ቡሌት በእንግሊዝ ለገበያ የቀረበው በ1949 ነው። የህንድ ጦር ሠራዊት ለድንበር ጥበቃ 800 ያህል ካዘዘ በኋላ፣ በ1955 በማድራስ ከተማ በህንድ የሚገጣጥም ኩባንያ ተመሠረተ። የእንግሊዙ እናት ኩባንያ በ1970 ሲጠፋ የህንዱ ልጅ ግን ቀጠለ። በዚህም ቡሌት «ቀደምት» ወይም «ሬትሮ» ከሚሉት ስሞች አንዱም የማይገባው ሆነ። ሞቶ ስላልተቀበረ ከሙታን መነሳት አላስፈለገውም።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መሠረታዊ ንድፉ ሳይለወጥ የኖረው ፈጣን ስለነበረ አይደለም። 346 ሲሲ የሆነው ሞተሩ 18 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ያኖረው በየመንገዱ ዳር የተቀመጠ ጠጋኝ የሚያውቀው፣ መለዋወጫው በየገበያው የሚገኝ፣ አንዱ ለሌላው በእጅ የሚያስተምረው ሞተር መሆኑ ነው። አሮጌው የብረት ሞተር ከ2009 ወዲህ በአዲስ ሞተሮች ተተክቷል። ከ2020 ጀምሮ የወጣው 349 ሲሲ ሞተር የሚሰጠው 20 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነው። በሰባ ዓመት ውስጥ የተጨመረው ጉልበት ሁለት ብቻ መሆኑ ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ድካሙ ሁሉ የዋለው ንዝረቱን ለመቀነስ፣ ጭሱን ለማጥራትና ዕድሜውን ለማራዘም ነው። ጋላቢው የሚያውቀውን የረጋ አካሄድ ላለመንካት ጥንቃቄ ተደርጓል። ይህ አካሄድ ለሌሎችም አርአያ ሊሆን ይገባል።

ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ፍርድ አጭር ነው። የዛሬዎቹ ነዳፊዎች ከቀድሞው ሞተር ብስክሌት ፊቱን ወርሰዋል፤ ጉድለቱንም ትተዋል፤ በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ከዓይን የተሰወረውን ታላቅ ምግባሩን፣ ማለትም ለባለቤቱና ለጠጋኙ ክፍት መሆኑን፣ በሚገባ አልወረሱም። ክንፍ መቅረጽና የካርቡራተር ገጽ መሥራት ከተቻለ፣ የመመርመሪያ ቀዳዳውን እጅ በሚደርስበት ቦታ ማድረግ፣ የስሕተቱን ቁጥር በመሪው ላይ ባለው ሰሌዳ በግልጽ ማሳየት፣ የሚያልቁ ክፍሎችን በተራ መፍቻ የሚፈቱ አድርጎ መንደፍ አያቅትም። ለአሮጌው ዘመን የሚሰጠው እውነተኛ ክብር የሚለካው በዚህ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ጋራዦች ቮልስዋገኖችንና ሰማያዊዎቹን የላዳ ታክሲዎች ለአሥርተ ዓመታት በሥራ ላይ ያቆዩት፣ እነዚያ መኪናዎች ሊታወቁና ሊጠገኑ የሚችሉ ስለነበሩ ነው። መለዋወጫ ከውጭ በሚመጣበትና የውጭ ምንዛሪ በሚወደድበት አገር የመጠገን ችሎታ የናፍቆት ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክ የሚሠሩ ሞተሮች እየበዙ በሚመጡበት በዚህ ጊዜ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ካንዴላና ፑንቲናን ከማስተማር አልፈው የስሕተት ቁጥር ማንበብንና የኤሌክትሪክ ዑደት መከተልን ማስተማር ይኖርባቸዋል። የሞተር ብስክሌት ግዥ የሚወስኑ መሥሪያ ቤቶችም ከዋጋውና ከመልኩ በፊት «የጥገና መረጃውና መመርመሪያው አብሮ ይመጣልን?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል።

የሜሪደን ሠራተኞች የሚወዱትን ሞተር ይዘው የተሸነፉት ውስጡን ለማደስ አቅም በማጣታቸው ነው። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች ውስጡን አድሰው መልኩን መልሰዋል። የቀረው ሦስተኛው ሥራ፣ አዲሱን ልብ እንደ አሮጌው ልብ ሊታወቅ የሚችል ማድረግ ነው። እርሱም የነዳፊው፣ የጠጋኙና የመምህሩ የጋራ ሥራ ነው።